ይሉኝታ ካያክ ላይ ሲሳፈር

ሰው ባሕር ላይ የሚጠፋው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አዋቂዎቹ ነፋስ ይሏችኋል፣ ጭጋግ ይሏችኋል፣ ባሕሩ መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል አለማወቅ ይሏችኋል። ሁሉም ልክ ናቸው፤ ለፈረንጅ። እኛን ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚያጠፋን ይሉኝታ ነው። ፈረንጅ መሐል ባሕር ላይ ሲደክመው «ደከመኝ፣ እንመለስ» ይላል። ሐበሻ ሲደክመው «እርስዎ ካልደከመዎት እኔ ምንም አልል» ይላል። ያኛውም እንዲሁ ይመልሳል። እንዲህ ሲባባሉ ሁለቱም ጃፓን ይደርሳሉ። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ የጃፓንን መንገድ መጀመሪያ በገዛ እጄ ቀዝፌ ስላየሁት ነው።

ስሜ ደምሴ ነው። የኦክላንድ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ስጎትት አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ባሕሩን በትራኬ መስኮት አይቼዋለሁ፤ ወረፋ ስጠብቅ ቁርሴን የምበላው እሱን እያየሁ ነው። ሰው አንድን ነገር ይህን ያህል ዘመን ካየ ያውቀዋል ማለት አይደል? በእርግጥ በዚህ ስሌት የሆስፒታል ዘበኛ ሁሉ ቀዶ ጥገና መሥራት ነበረበት፤ ግን ያኔ ይህ ትዝ አላለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በእህቴ ልጅ በብሩክ ነው። ብሩክ ሳን ሆዜ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚውል፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድቶኝ ሦስት ጊዜም «ገባኝ» ያልኩት ልጅ ነው። ሊያ የምትባል ልጅ ሊያገባ ፈለገ። ሊያ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት፤ በአማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አባቷ ጋሽ ውብሸት ፓሎ አልቶ አንድ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ክፍል የሚሠሩ፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ፣ ስልሳ ሦስት ዓመታቸውን ሳይጎብጡ የተሸከሙ ሰው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው ይባላል። ነገር ግን ለታላቂቱ ልጃቸው የመጡትን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መልሰዋል።

ወጉ አንድ ጊዜ መመለስን ይፈቅዳል፤ ልጄ በቀላሉ የምትገኝ አይደለችም ለማለት ያህል። ጋሽ ውብሸት ግን በየመሐሉ የሁለት የሁለት ወር ቀጠሮ እየሰጡ ነው ሦስቴ የመለሷቸው። እህቴ ደግሞ ለልጇ ሠርግ ብላ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ቪዛዋ ላይ የቀራት ሁለት ወር ተኩል ብቻ ነው። አንዲት ቀጠሮ ከተሰጠችን እናት የልጇን ሠርግ በስልክ መስኮት ልታይ ነው ማለት ነው። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሆኖ ይህን ሁሉ እንዲያቃና የተመረጠው ማን ይመስላችኋል? ሌላ ማን ሊሆን ይችላል።

የምንሄደው እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሐሙስ ማታ ብሩክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የሊያ አባት ካያክ ነፍሳቸው ነው አሉ። ቅዳሜ አብረሃቸው ብትወጣ እኮ ነገሩን ኢዚ ታደርገዋለህ» አለኝ። ካያክ ማለት እንግዲህ ረጅምና ጠባብ ጀልባ ነው። ጀልባ ከማለት ሱሪ ማለት ይቀላል፤ እግርህን ዘርግተህ ትገባበትና በሁለት ጫፉ ሰፊ በሆነ መቅዘፊያ ውሃውን በግራ በቀኝ ትገፋለህ። ቀዝፈህ ታውቃለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም መልሴ ያው ነበር፤ ሰውየው እኮ እኔ ባሕር ላይ ነው የምውለው አልኩት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት የማውቀው ሌላ ሰው ላይ ለመተረት ብቻ ነው።

ብሩክ ከሥራ ባልደረባው ለሁለት ሰው የሚሆን ካያክ ተውሶ አመጣ። እኔም በፒክአፔ ላይ ጭኜ፣ በሰማያዊ ሸራ ጠቅልዬ፣ በጭነት ማሰሪያ ጠፍሬ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሪችመንድ ባሕር ዳር አደረስኩት። ማሰር ላይ አልታማም፤ እኔ ያሰርኩት ነገር ቢያንስ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ አይፈታም። ጋሽ ውብሸት የቆዳ ጫማ አጥልቀው፣ ኮት ደርበው ቆመው አገኘኋቸው። በቆዳ ጫማ ባሕር የሚገባ ሰው ምን ያህል ቢለምደው ነው ብዬ በልቤ አደነቅሁ። ስልካችንን እንዳይርስ ብለን መኪናችን ውስጥ ቆለፍንበት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በዚያ ቀን ያደረግነው ጥንቃቄ፣ ላይፍ ጃኬት ከመልበስ ሌላ፣ ይኸው ብቻ ነው።

ከዚያ የመቀመጫ ክርክር ተነሣ። እርስዎ ከፊት፣ የለም እርስዎ ከፊት። የክብር ቦታ ከፊት ነውና በእድሜም በነገም ጉዳይ የሚከበሩት እሳቸው ናቸው። ከሩብ ሰዓት ሙግት በኋላ አሸነፍኩና ከፊት አስቀመጥኳቸው። ከኋላ ስገባ መቀመጫው ዝቅ አለብኝ፤ ሸራዬን አጣጥፌ ማሰሪያዎቹን መሐሉ ከትቼ ተቀመጥኩበት። እግሬን ስዘረጋ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ሁለት ፔዳል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ፔዳል ካለማ የኔ ሙያ ነው።

ለካስ የኋላው ፔዳል የመሪው ነው። እኔ ፍጥነት ስፈልግ ቀኙን ረገጥኩ፤ ካያኩ ወደ ቀኝ ዞረ። ደንግጬ ፍሬን ያዝኩ፤ ወደ ግራ ዞረ። እንዲህ እየተጠማዘዝን ስንሄድ ጋሽ ውብሸት ነፋሱን የሚሸውዱት እንዲህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው። ባሕሩ በዚያ ሰዓት እየጎደለ ወደ ውቅያኖሱ ይፈስስ ነበር፤ እኛ ግን በክንዳችን ጉልበት የምንፈጥን መስሎን ተደነቅን። ለዕድሜያችን አላነስንም ተባባልን። ሁለት ሰዓት ያህል እንደቀዘፍን ነፋሱ ተነሣ፣ ጭጋጉም ውቅያኖሱ መግቢያ ላይ ካለው ትልቅ ድልድይ ማዶ መጣ። እኔ እንመለስ ለማለት አፌን ከከፈትኩ ቆይቻለሁ፤ ግን የነገ ሽማግሌ ዛሬ በአባትየው ፊት ደከመኝ ይላል? እርስዎ ካልደከመዎት አልኳቸው። እርስዎ ካልደከመዎት አሉኝ። ቀጠልን።

ያቆመን ትንሽ ደሴት ነው። ድንጋይ፣ ጥቂት አሸዋ፣ ደረቅ ሣርና ወፎች ብቻ ያሉበት፣ ከፊቱ መውረድ ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ የተተከለበት። በሕይወቴ ክልክል የሚል ጽሑፍ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የሚከለከል ነገር ካለ መሬት አለ ማለት ነው። ወርደን አረፍን። ሁለት ጊዜ ለመመለስ ወጣን፣ ሁለት ጊዜም ነፋሱ እንደ አጉል እንግዳ አንገታችንን ይዞ መለሰን። ፀሐይዋ ገባች። ጭጋጉ ገለጥ ሲል ማዶ የሪችመንድ መብራት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ግን ማን ይሰማሃል? ባለቤቴን ለነገው ጉዳይ ሳን ሆዜ አድራለሁ ብያታለሁ። ሊያ አክስቷ ቤት ለነገ እንግዶች ስታበስል ታድራለች፤ አባቷም ከመሸ ስልክ እንደማያነሡ ታውቃለች። ብሩክ ደግሞ ስልኬን ባላነሣ ከሰውየው ጋር ጨዋታ ደርቶለት ነው የሚል ነው። በዓለም ላይ እኛን የሚፈልግ አንድም ሰው አልነበረም።

ችግሩ ማደሩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በነጋታው አራት ሰዓት ላይ እሳቸው ቤታቸው ሆነው ሽማግሌ መቀበል አለባቸው፤ እኔ በራቸውን ማንኳኳት አለብኝ። ደግሞ ነገሩን ከቀኑ በፊት ማንሳት ነውር ነው። እና ሁለታችንም ያንኑ አንድ ነገር እያሰብን፣ ስለ ወፎቹ ብዛት እናወራ ነበር።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ቤት እሠራለሁ አልኩ። ከውሃው ራቅ ብሎ ልስልስ ያለ አሸዋ አገኘሁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ሁለቱን መቅዘፊያዎች እንደ ባላ ተከልኩ፣ ሸራውን ላያቸው ላይ ወጠርኩ፣ አራቱንም ማእዘን በማሰሪያ ወጥሬ ድንጋይ ላይ ጠፈርኩት። ጣቴን ሳነጥርበት እንደ ክራር ጮኸ። ጋሽ ውብሸት ገብተው ተቀመጡና ሳሎን ነው አሉ። ኪሳቸው ውስጥ የነበረች አንድ እፍኝ ቆሎ ነበረች፤ እርስዎ ይብሉ እርስዎ ይብሉ ስንባባል ግማሹ አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በኩራት ተኛሁ።

የነቃሁት ወገቤ ሲርስ ነው። ባሕሩ እየሞላ መጥቶ ሳሎናችን ገብቷል። ጋሽ ውብሸት ቁጭ ብለዋል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን አልፏል። መቼ ነው የገባው ስላቸው ቆይቷል አሉ። ታዲያ ለምን አልቀሰቀሱኝም?

«ቤቱን የሠሩት እርስዎ ነዎት» አሉኝ፤ «እንዴት ብዬ ያፈሳል ልበልዎት?»

እዚያው ሁሉንም ነቅለን ወደ ላይ፣ ሣሩ ወዳለበት ወጣን። በሁለተኛው ቤት ኩራት አልነበረም። ካያኩን በጎኑ አጋድመን በነፋሱ በኩል ግድግዳ አደረግነው፤ እንዳይንከባለል ከኋላው ድንጋይ ደገፍን። ሸራውን ከካያኩ ጀርባ አስረን ወደ መሬት ዝቅ አድርገን ሳብነውና ጫፉን በድንጋይ ተጫንነው። ከሥሩ ደረቅ ሣር በብዛት ጎዘጎዝን። ቁመቱ ውሻ ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ያህል ነው። ግን ነፋስ አያስገባም፣ ውሃም አይደርስበትም።

ጋሽ ውብሸት ጥርሳቸው መንገጫገጭ ጀመረ። ያኔ ፈራሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ፈራሁ። ልጅ ስጡን ብዬ ልለምን የተላክሁ ሰው አባትየውን በብርድ ልገድል ነው። ከኮቴ ሥር የለበስኩትን ደረቅ ሹራብ አውልቄ ልሰጣቸው ስል እጄን ያዙኝ።

«አቶ ደምሴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ይሉኝታን እንተወው። ከዚያ በኋላ እንደ ወጋችን እንሆናለን።»

እሺ አልኩና ሹራቡን ዘረጋሁላቸው። አመስግነው ለበሱት። ሐበሻ በመጀመሪያው ግብዣ እሺ ሲል ያየሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። እርጥብ ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ሣር ውስጥ ቀበርንላቸው፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን ተቀመጥን። ቀስ በቀስ ጥርሳቸው ዝም አለ።

ከዚያ ኑዛዜው መጣ። እሳቸው ከዚያ ቀን በፊት ካያክ ነክተው አያውቁም። ዋና እንኳ አይችሉም። ሊያ ናት የብሩክ አጎት ካያክ ካልቀዘፉ ቅዳሜ ያለፈ አይመስላቸውም ብላ፣ እባክህ አብረሃቸው ውጣ ብላ የለመነቻቸው። የቆዳ ጫማው ሌላ ምን እንደሚደረግ ስላላወቁ ነው። እኔም ባሕሩን የማውቀው በመስኮት እንደሆነ ተናዘዝኩ። የፔዳሉን ነገር ስነግራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ወፎቹ ሁሉ ተነሥተው ጮኹብን። መመለስ የፈለጉት መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በአሥረኛው ደቂቃ አሉኝ። እኔ በአምስተኛው ነበር። ሁለቱ ልጆች ተመካክረው ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ውሸት አልብሰው ልከውናል።

ሳቁ ሲያልቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ የማላውቀው ልጅ አለ እንበል አሉኝ፤ ሳን ሆዜ የሚኖር። እኔም የማላውቀው ልጅ ነው አልኳቸው። ታዲያ ይህ የማናውቀው ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ለእሑድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጨዋ፣ ታታሪ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት የሚል። ግን ውላችን ውል ነው። ቀጠሮ ላይ ሃያ ደቂቃ ይዘገያል አልኩ። ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ነው። ሰሃን ያጥባል፣ ድስቱን ግን ነገ አጥበዋለሁ ብሎ ይተወዋል። በቃ ብለውም አንደበቴ አልቆም አለኝ። ከዚያ ባለፈው ዓመት ወገቤን ታምሜ ጎንበስ ማለት ያቃተኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ የማታ ሥራ ስላላት፣ ይህ የማናውቀው ልጅ አንድ ወር ሙሉ በየማታው በዚያ ትራፊክ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ድረስ እየነዳ መጥቶ ጫማዬን ያወልቅልኝ፣ እግሬን ያጥበኝ ነበር። ማንም አልጠየቀውም፤ ለማንም አላወራም። ይህን ስናገር ነው የታወቀኝ፤ ለካ ለልጁ ራሱ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ብዬው አላውቅም።

ጋሽ ውብሸት ሹራቡን እስከ አንገታቸው ሳቡ። ቆይተው፦

«ድስት ማሳደር ጥሩ አይደለም» አሉና ዞረው ተኙ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ ዞረ እንዳትሉኝ። ሦስት ወር የተዘጋጀሁበትን ጉዳይ በአንድ ድስት አበላሸሁት። እህቴ ሠርጉን በስልክ ስታይ፣ ማን ነው ያበላሸው ስትባል፣ ወንድሜ ነው ስትል ታየኝ። ምነው ለእውነት እንደዚህ መቸኮሌ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ደግሞ ያፈሰስኩትን የምለቅምበት ጊዜ የለኝም።

ሲነጋ ባሕሩ እንደ ተኛ ሕፃን ነበር። የጠዋቱ ውሃ ነፋስም የለው፣ ሙላቱም ወደ መጣንበት ይገፋል። ሣሩን በተንን፣ ሸራውን አጣጠፍን። ልንገባ ስንል ፀሐይዋ ከሪችመንድ ኮረብታ ላይ ብቅ አለች። ጋሽ ውብሸት ቀና ብለው አዩዋት፣ ኮታቸውን አራገፉና ወደ ፊተኛው መቀመጫ በእጃቸው እያመለከቱ፣ እርስዎ ይቅደሙ አሉኝ። ይሉኝታም አብራ ወጥታ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሳን ሆዜ በራቸው ላይ ቆምኩ። ታጥቤያለሁ፣ ሱፍ ለብሻለሁ፣ ግን አንዱ ሽማግሌ ወፍ ወፍ የሚሸት ነገር አለ ብሎ ሁለት ጊዜ ዙሪያውን አሸተተ። በሩ ተከፈተ። ጋሽ ውብሸት ከራቫታቸውን አጥብቀው፣ በሕይወታቸው አይተውኝ እንደማያውቁ ሁሉ፣ እንግዶቹ ከየት ናችሁ አሉ። ተቀመጡ ሲሉን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ተናገርኩ። ጨዋ አልኩ፣ ታታሪ አልኩ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርንም አልተውኩም፤ ስለ ፈሪሃ እግዚአብሔር ስናገር ዓይናቸውን ማየት ግን አልደፈርኩም። ከዚያ ሁላችንም የሁለት ወሩን ቀጠሮ ለመስማት አንገታችንን ደፋን።

«ይህ ሁሉ ደግ ነው» አሉ ጋሽ ውብሸት። «ድስትስ ያጥባል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ወጉ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም።

«ይማራል» አልኩ።

«እንግዲያው ቀጠሮ አያስፈልግም። ሌሊቱን አስቤበታለሁ» አሉ።

ውጭ መኪና ውስጥ ስትጠብቅ የነበረችው እህቴ ሲነገራት በእልልታ ሰፈሩን አናወጠችው፤ ውሻ ይዞ ያልፍ የነበረ ጎረቤት ለጊዜው መንገዱ ጠፋበት። እኔ መኪናው ኋላ ሄጄ ትንሽ አለቀስኩ። ብሩክ አግኝቶኝ ምን ሆንክ ቢለኝ፣ ስለ እግሬ አመሰግናለሁ አልኩት። ምን እንደምል አልገባውም፤ ገባኝ አለኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምንኛ ባማረ። ግን ሊያ የአባቷን ጫማ አሸዋ ሞልቶት አገኘችው። «ዳዲ፣ የት ነው ያደርከው?» አለች፤ በአማርኛ መጠየቋ ነገሩ የከበደ እንደሆነ ያሳያል። የሙሽራዋ አባትና የሙሽራው ሽማግሌ በሽምግልናው ዋዜማ ባሕር ላይ ጠፍተው አደሩ ከተባለ፣ ይህ ወሬ በየሠርጉ ስንት ዓመት እንደሚዞር አስቡት። ጋሽ ውብሸት እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ባሕሩ በጣም ስላማረን ካምፕ አደረግን አሏት።

በሠርጉ ቀን፣ እህቴ ከፊት ወንበር ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣ ሳለ፣ ሙሽሮቹ ለሁለታችን ስጦታ አለን ብለው አወጁ። መጋረጃው ተገለጠ። ቢጫ፣ አዲስ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን ካያክ። ሊያ ማይክሮፎኑን ይዛ «ኔክስት ታይም ቱ ናይትስ» አለች፤ በሚቀጥለው ሁለት ሌሊት እደሩ ማለቷ ነው፤ አዳራሹ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። ሌላ ምን እናድርግ?

ይኸው ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሪችመንድ ባሕር ዳር እንገናኛለን። ካያኩን ከፒክአፑ አውርደን ውሃው ዳር እናስቀምጠዋለን። እርስዎ ከፊት እላቸዋለሁ። የለም፣ እርስዎ ከፊት ይሉኛል። ክርክሩን በፊት በሩብ ሰዓት እንጨርሰው ነበር፤ አሁን ተሻሽለናል፤ ተቀምጠን፣ ምሳችንን በልተን፣ ነፋሱ እስኪነሣ እንከራከራለን። ነፋሱ ሲነሣ ለዛሬ አይሆንም እንባባላለን። ከዚያም ልጆቹ እንዳያዝኑ በጀሪካን ውሃ ቀድተን ካያኩን ከላይ እስከ ታች እናርሰውና ወደ ቤታችን እንመለሳለን።